የመጨረሻው ሰው ክፍያ የት ገባ?
ስለ ኮምፒዩተራችን ሜኑ እና ስለ «ዙር ውስጥ ዙር»

በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በመዝገብ ኮሚቴው ስም በንባብ የቀረበ



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ኮምፒዩተሩ አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ እርስ በርሳችን ተያየን። የመዝገብ ኮሚቴው አባላት ሦስት ነን፤ ሦስታችንም ታክሲ ነጂዎች ነን። አንዳችን፣ ይኸውም ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ሁለት ዓመት ሒሳብ ተምሮ ሳይጨርስ የወጣ ነው። ሁለቱ ደግሞ እዚሁ አገር የማታ ኮርስ ወስደዋል። ስለዚህ በፊታችሁ የቆምነው እንደ ባለሙያ አይደለም። አንድ ስሕተት ሠርተናል፤ ስሕተቱንም ፈልገን አግኝተናል፤ የምንናገረው ያንን ነው። ነገሩ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁን በቀጥታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 «የሦስት ወር መዋጮ አልከፈሉም» የሚል ደብዳቤ የደረሳችሁ 9 ሰዎች ታውቁታላችሁ።

በኖቬምበር 2024 የአንዲት እናታችን ወላጅ እናት ደሴ ላይ አረፉ። ስማቸውን እንዳንጠራ አደራ ብለውናል፤ ታሪኩን ግን «ንገሩት፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ» ብለው ፈቅደውልናል። እኒህ እናት የሚሠሩት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ፈረቃቸው የሚያልቀው ማታ በመሆኑ እሑድ መዋጮ ለመክፈል የሚደርሱት አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ነው። እንደ ባህላችን ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ ሄደው መርዶውን ነገሯቸው። የእድሩ ገንዘብ ለትኬት መግዣ በዚያው ዕለት እንዲሰጣቸው እኛ ዝርዝሩን ከኮምፒዩተሩ አተምን። ዝርዝሩ በስማቸው አንጻር «የ3 ወር ውዝፍ» ይላል። መተዳደሪያ ደንባችን ደግሞ የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት አባል ጉዳዩ በሥራ አመራር ኮሚቴው ሳይታይ የእድር ገንዘብ አይከፈለውም ይል ነበር።

ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ግን ተነገራቸው። አልተቆጡም። ተነሥተው ከጓዳ ሦስት ደረሰኞች አመጡና «ልጆቼ፣ እኔ ከፍያለሁ። ወረቀቱም የእናንተ፣ ፊርማውም የእናንተ ነው። ማሽኑ ካላወቀኝ እኔ ምን ላድርግ?» አሉን። ደረሰኞቹ እውነተኛ ነበሩ። ሆኖም ሥራ አመራሩ ተሰብስቦ እስኪወስን ሁለት ቀን አለፈ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለቀብር መቼም አይደርስም፤ ለሣልስቱ ግን ይደርሱ ነበር። አልደረሱም።

ከዚያ በፊትም ምልክት ታይቶ ነበር። ደብዳቤው ከደረሳቸው 9 ሰዎች መካከል አምስቱ «ከፍለናል» ብለው መጥተው ነበር። እኛ «ማሽን አይረሳም፤ ሰው ነው የሚረሳ» ብለን መለስናቸው። ከዚህ የባሰም አለ። ባንክ የገባው ገንዘብ በየወሩ ከመዝገቡ ድምር ይበልጥ ነበር። ቢጎድል ኖሮ ምድር ቀውጢ በሆነ! ስለ በለጠ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ትርፉን ከስጦታ ሣጥኑ ጋር ደምረን «ከበጎ አድራጊዎች» ብለን መዘገብነው። እነዚያ በጎ አድራጊዎች እናንተው ነበራችሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ኮምፒዩተሩን በ2021 አንድ አባላችን ከሥራ ቦታው ሊጣል ሲል ያመጣልን ነው። ፕሮግራም የምንገዛበት ገንዘብ ስላልነበረን ሊኑክስ የተባለውን በነፃ የሚገኘውን ሥርዓት ጫንበት። ሊኑክስ ላይ «ሼል» የሚባል ትእዛዝ ተቀባይ አለ። በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ ሲጽፉለት ይፈጽማል፤ ትእዛዞቹን በአንድ ፋይል ላይ በተርታ ቢያስቀምጡለት ደግሞ ፋይሉን እያነበበ በየተራ ይፈጽማል። ያ ፋይል «ስክሪፕት» ይባላል። የእኛም የአባላት መዝገብ አንድ ስክሪፕት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ገንዘብ ያዣችን ትእዛዝ በቃል እንዲያጠኑ ማስገደድ ስለማይቻል ሜኑ ሠራንላቸው። 1 ቢጫኑ አዲስ አባል ይመዘግባል፤ 2 ቢጫኑ ክፍያ ይቀበላል፤ 3 ቢጫኑ ዝርዝር ያትማል፤ 0 ቢጫኑ ይዘጋል። ሜኑ አንድ ጊዜ ታይቶ ከጠፋ ግን አይጠቅምም። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ተመልሶ መምጣት አለበት። ለዚህ ነው «ሉፕ» የሚያስፈልገው፤ እኛ «ዙር» እንለዋለን። በሼል ቋንቋ «ዋይል ትሩ» ብለው ይጀምሩና «ዳን» በሚለው ቃል ይዘጋሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ውጣ እስኪባል ድረስ እየተደጋገመ ይፈጸማል። ኤርፖርት የምንሠራ ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ከማቆያው ቦታ ወደ ተርሚናሉ፣ ከተርሚናሉ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ተመልሶ ወደ ማቆያው፤ በቃኝ ብለን ወደ ቤት ካልሄድን ዙሩ አያልቅም።

ከዙሩ የሚያወጣው ቃል «ብሬክ» ነው። ከመካከላችን አንዱ መጀመሪያ ሲሰማው ፍሬን መስሎት ነበር፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍም አይለይም። በእንግሊዝኛው ግን ሌላ ቃል ነው፤ ሰብሮ መውጣት ማለት ነው። ፍሬን የያዘ መኪና ባለበት ይቆማል። ይህኛው ግን አያቆምም፤ ከዙሩ አውጥቶ ከ«ዳን» በታች ወዳለው መስመር ይወስዳል። ልዩነቱን ልብ በሉት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሜኑው ውስጥ ሌላ ሜኑ ሲገባ ዙር ውስጥ ዙር ይሆናል። 2 ተጭነው ክፍያ ውስጥ ሲገቡ ማሽኑ የአባል ቁጥር ይጠይቃል፤ አንዱ ሲያልቅ የሚቀጥለውን ይጠይቃል፤ ይህ ሁለተኛው ዙር ነው። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ የነበሩን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ሥራውም ያለ እንከን ይሄድ ነበር። ኋላ ግን «የሁለትና የሦስት ወር አንድ ላይ መክፈል እንፈልጋለን» ብላችሁ በጉባኤ ጠየቃችሁ፤ ጥያቄው ትክክል ነበር። እኛም በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ሦስተኛ ዙር ጨመርን፤ ለአንድ አባል ወሮቹን አንድ በአንድ የሚጠይቅ ማለት ነው። 0 ሲጫኑ ወደሚቀጥለው አባል ይሄዳል። ገንዘብ ያዣችን «ማታ ስጨርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ዜሮ ከምጫን በአንዴ ወደ ዋናው ሜኑ የሚያወጣ ቁልፍ ስጡኝ» ስላሉን 99ን ሰጠናቸው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ስለ ሼል አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። «ብሬክ» ብቻውን ሲጻፍ ከቅርቡ ዙር ያወጣል። ቁጥር ሲጨመርበት ግን በቁጥሩ ልክ ነው የሚያወጣው፤ «ብሬክ 2» ከሁለት ዙሮች፣ «ብሬክ 3» ከሦስት ያወጣል። «ኮንቲኒው» የሚባልም አለ። እርሱ ከዙሩ አያወጣም፤ የቀረውን መስመር ዘሎ ወደ ዙሩ መጀመሪያ ይመልሳል፤ እርሱም ቁጥር ይቀበላል። ቁጥሩ ካሉት ዙሮች ቢበልጥ ስሕተት አይባልም፤ ከሁሉም ውጪ ካለው ዙር ያወጣል። አንዳችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ብሬክ 10 ብለን ብንጽፍ ከየትም ያወጣን የለ ወይ?» ብሎ ነበር። ያወጣል። ነገር ግን ዛሬ ሦስት የሆኑት ዙሮች ነገ በሌላ አራተኛ ዙር ሲከበቡ ከዚያም ያወጣል፤ ያን ጊዜ የጻፈው ሰው ረስቶታል።

እነሆ፣ በፌብሩዋሪ 2024 የጻፍነው ስክሪፕት አካሉ ይህን ይመስል ነበር። ዝርዝር ትእዛዙን ትተን በአማርኛ አስቀምጠነዋል።

ዋይል ትሩ — ዋናው ሜኑ
— ዋይል ትሩ — የአባል ቁጥር መጠየቂያ
— — ጊዜያዊውን ማስታወሻ ባዶ አድርግ
— — ዋይል ትሩ — የወር መጠየቂያ
— — — 0 ከሆነ፦ ብሬክ
— — — 99 ከሆነ፦ ብሬክ 2
— — — ወር ከሆነ፦ በጊዜያዊው ማስታወሻ ላይ ጻፍ
— — ዳን
— — ማስታወሻውን ወደ ዋናው መዝገብ ገልብጥ
— ዳን
ዳን

ስሕተቱ እዚህ ውስጥ አለ። እኛ አሥር ጊዜ አንብበነው አላየነውም። ብንጫነው ይሠራል፤ 99 ሲባል ልክ እንደተፈለገው ዋናው ሜኑ ብቅ ይላል። ማሽኑም «ስሕተት» የሚል ቃል አንድም ቀን አላሳየንም።

ያገኘነው ማሽኑ ፊት ተቀምጠን አይደለም። ያች እናታችን ወደ አገር ቤት በሄዱበት ሳምንት ስክሪፕቱን በወረቀት አትመን ኤርፖርት ማቆያው ቦታ ይዘነው ሄድን። ተራችን እስኪደርስ ሦስታችንም አንዱ ታክሲ ውስጥ ገብተን የጣራውን መብራት አበራን። ከዚያም ሥራውን ተከፋፈልነው። አንዳችን ውጪኛው ዙር ሆነ፤ አንዳችን መካከለኛው ዙር፤ አንዳችን ውስጠኛው። ደንቡ «እያንዳንዳችን በየዙራችን ያለውን መስመር ብቻ እናንብብ፤ ከወረቀቱ ውጪ ምንም አናስብ» የሚል ነበር። አባል ቁጥር 112 መጣ አልን። መካከለኛው ማስታወሻውን ባዶ አደረገ። ውስጠኛው ወር 7፣ ወር 8፣ ወር 9 ብሎ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ከዚያም 0። «ብሬክ» አለና እርሳሱን ለመካከለኛው አቀበለው፤ መካከለኛውም ወደ መዝገቡ ገለበጠው። ደኅና።

ሁለተኛውን አባል ጀመርን። ወሮቹ ተጻፉ። አሁን መሸ፣ አዳራሹ ሊዘጋ ነው፣ ገንዘብ ያዣችን 99 ተጫኑ። ውስጠኛው «ብሬክ 2» ብሎ አነበበ። መካከለኛው እጁን ለእርሳሱ ዘረጋ። ውጪኛው «አይ፣ አንተም ወጥተሃል» አለው። መካከለኛው «እንዴት ወጣሁ? ገና መዝገቡ ላይ አልገለበጥኩም» አለ።

ሦስታችንም ዝም አልን። ቁራጩ ወረቀት መቀመጫው ላይ ቀረ። ውጪኛው ተመልሶ 2 ሲጫን መካከለኛው የመጀመሪያ ሥራው ማስታወሻውን ባዶ ማድረግ ነው።

ገንዘብ ያዣችን የለመዱትን የማይለቁ ሰው ናቸው፤ በእያንዳንዱ እሑድ መጨረሻ ላይ 99 ነው የሚጫኑት። ስለዚህ በእያንዳንዱ እሑድ የአንድ ሰው ክፍያ ጠፋ ማለት ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ በሰልፉ የመጨረሻው ሰው። ከፌብሩዋሪ 4 እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 2024 ድረስ 41 እሑዶች አሉ። 41 ክፍያዎች። የመጨረሻው ሰው ማን ነው? ከፈረቃ የሚመጣው፣ ሆቴል የሚያጸዳው፣ አረጋውያን የሚጦረው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው ነው። ቀን ዐርፎ በጊዜ የመጣ ሰው አንዱም አልጠፋም። ፕሮግራሙ ማንንም ለይቶ አያውቅም፤ እኛ ግን ሳናውቅ ከሁላችን የደከመውን ሰው እንዲመርጥ አድርገን ጽፈነው ነበር።

በማግሥቱ ማሽኑ ላይ አረጋገጥነው። ሼሉን «ኤክስ» በሚለው ምልክት ሲያስነሡት የሚፈጽመውን መስመር ሁሉ ሳይደብቅ በመስኮቱ ላይ እየጻፈ ይሄዳል። በ0 ስንወጣ የግልበጣው መስመር ታየ፤ በ99 ስንወጣ አልታየም። ይህን ምልክት ከመጀመሪያው ቀን ብንጠቀምበት ኖሮ ይህ ንግግር ባላስፈለገ ነበር።

ቅድም ልብ በሉት ያልነው ይህን ነው። «ብሬክ 2» ሲባል ሰው የሚያስበው ወዴት እንደሚደርስ ነው፤ ዋናው ሜኑ ላይ መድረሱን ያይና ይደሰታል። መጠየቅ የነበረበት ግን በመንገድ ላይ ምን እንደ ዘለለ ነበር። ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ከሚያመልጣቸው መስመሮች እያንዳንዱን በጣቱ እየጠቆመ «ይህ ባይፈጸም ምን ይጎዳል?» ማለት አለበት።

በዚህ ስሕተት የመጀመሪያዎቹ አይደለንም፤ ይህን የምንለው ጥፋታችንን ለማቅለል አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 የአሜሪካው የኤ ቲ ኤንድ ቲ የረጅም ርቀት ስልክ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ተቃውሶ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥሪዎች ሳይገናኙ ቀርተው ነበር። 114 የስልክ ማዞሪያዎች እየተነሡ እየወደቁ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላውን እየጣለ ዋሉ። ኋላ ሲመረመር ምክንያቱ ሲ በተባለው ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ቦታው የገባ አንድ «ብሬክ» ሆኖ ተገኘ። ቃሉ በውስጠኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከውጪኛው ክፍል አስወጣ፤ በመካከል ሊፈጸም የሚገባው ሳይፈጸም ቀረ። የእኛ 41 ደረሰኝ ነው፤ ዓይነቱ ግን አንድ ነው።

ሲ ቋንቋን ካነሣን አይቀር፣ አራት ኪሎ ሲ የጀመረው አባላችን ያመጣብንን ሌላ ጣጣ እንጨምር። በሲ ቋንቋ ከምርጫዎች አንዱን የሚለየው ክፍል «ስዊች» ይባላል፤ ከእርሱ የሚወጣውም በ«ብሬክ» ነው። በሼል ይህን ሥራ የሚሠራው «ኬዝ» ነው፤ ምርጫው የሚዘጋው በሁለት ነጠላ ሰረዝ መሰል ምልክቶች ሲሆን «ብሬክ» ለኬዝ አይሠራም። ስለዚህ ወንድማችን ከልማዱ በእያንዳንዱ ምርጫ ሥር «ብሬክ» እየጻፈ ሄደ፤ ሼሉ ደግሞ ኬዝን እንደ ዙር ስለማይቆጥር በተነገረው መሠረት ከሜኑው ዙር አስወጣ። የመጀመሪያው ቀን 1 ብንጫን ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ 2 ብንጫን ይዘጋል፤ 3 ብንጫን ይዘጋል። ያ ስሕተት ወዲያው ስለሚታይ ጉዳት የለውም፤ ስቀን አረምነው። አደገኛው የማያስቀው ነው።

ነገራችን ረዘመ እንጂ ስለ ሼል ታሪክም ብዙ መጫወት ይቻል ነበር። ዛሬ የምንጽፍበትን አጻጻፍ ያወጣው ስቲቨን ቦርን የተባለ ሰው ነው፤ ሥራውም ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር በ1979 ከቤል ላብስ ወጣ። ከእርሱ በፊት በነበረው በኬን ቶምፕሰን ሼል ዙር የሚባል አልነበረም፤ «ጎቱ» ብለው ወደ ፈለጉበት መስመር መዝለል ነበር። ቦርን ኬዝን የሚዘጋው ቃሉን ወደ ኋላ በመገልበጥ ነው፤ «ኢሳክ» ይለዋል፤ እኛ ይስሐቅ እያልን እንቀልድበታለን። ዙሩንም በዚሁ ልማድ «ዱ»ን ገልብጦ እንዳይዘጋው ያ ቃል ቀድሞ የሌላ ትእዛዝ ስም ሆኖ ተይዞ ነበርና «ዳን» ሆኖ ቀረ።

ስለ እርማቱ ሦስታችን አልተስማማንም። አንዱ «99ን እንሰርዘው፤ ገንዘብ ያዡ ዜሮ ሦስት ጊዜ ቢጫኑ ጣታቸው አይሰበርም» አለ። ሌላው «እያንዳንዱን ሜኑ ለብቻው ፋንክሽን እናድርገውና በ‹ሪተርን› እንውጣ፤ ዙር መቁጠር ይቀራል» አለ። ሁለተኛው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ሪተርን ከፋንክሽኑ ያወጣል፣ ውስጡ ስንት ዙር ቢኖር አይቆጥርም። ነገር ግን የግልበጣውን መስመር እርሱም ይዘለዋል። የመውጫው ቃል ተቀየረ እንጂ በሽታው አልዳነም። በነገራችን ላይ ፋንክሽን ውስጥ ሆኖ ውጪ ያለን ዙር በ«ብሬክ» ለመስበር የሚሞክር ካለ ይተው፤ በዚህ ላይ ሼሎቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ አንዱ ይሰብራል፣ አንዱ አይሰብርም።

በመጨረሻ የተስማማነው መውጫውን ትተን አጻጻፉን ማስተካከል ላይ ነው። ጊዜያዊው ማስታወሻ ቀረ። አሁን እያንዳንዱ ወር ገና ሲጫኑት እዚያው ዋናው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከሰፈረም በኋላ የአባሉ ስምና ወሩ ተመልሶ በመስኮቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ያዣችን በ0 ይውጡ፣ በ99 ይውጡ፣ መስኮቱን ይዝጉት፣ የጠፋ የለም። ሜኑዎቹንም ሦስት ፋንክሽን አደረግናቸው። 99 አልተሰረዘም።

ሙከራውንም እንደ ድሮው በሁለትና በሦስት ቁልፍ አላለፍነውም። የ30 አባላት ክፍያ ከነመውጫ ቁልፎቹ በአንድ ፋይል ጽፈን ለስክሪፕቱ አበላነው፤ አንድ ጊዜ በ0፣ አንድ ጊዜ በ99 እየጨረስን መዝገቡን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርን። በዚያውም ሌላ ጉድ ተገኘ። ፋይሉ ላይ የመጨረሻውን የመውጫ ቁልፍ ረስተን ነበርና መልሱ ሲያልቅ ሜኑው መዞሩን አላቆመም፤ «እባክዎ ይምረጡ» እያለ መስኮቱን ሞላው። ምክንያቱ፣ መልስ የሚቀበለው «ሪድ» የሚባለው ትእዛዝ የሚነበብ ነገር ሲያጣ አለማንበቡን ይናገራል፤ እኛ ግን የሚለውን አንሰማም ነበር። አሁን በሦስቱም ዙሮች ላይ «ሪድ ካልተሳካ ውጣ» የሚል ተጨምሯል።

የሚቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። የጠፉትን 41 ክፍያዎች ከደረሰኝ ጥራዙ ቀሪዎች ላይ እየፈለግን ወደየባለቤታቸው መልሰናል፤ ከስጦታ ሒሳቡም ተቀንሷል። ለእነዚያ 9 አባላት የይቅርታ ደብዳቤ በጃንዋሪ 2025 ተልኳል። ደንቡም በጉባኤ ተሻሽሎ በእጅ ያለ ደረሰኝ ከኮምፒዩተር ዝርዝር ይበልጣል ተብሎ ተጽፏል። ያች እናታችን ሲመለሱ ሦስታችን ቤታቸው ሄደን ነበር። ቡና አፈሉልን፤ ወረቀቱንም ዘርግተን ልክ እንደዛሬው አስረዳናቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «እኔ ቀድሜ ብመጣ ሌላው ሰው ሊጠፋ ነበራ?» አሉ። አዎን አልናቸው።

ከ41ዱ መካከል የሦስቱ ደረሰኞች ቀሪ ካርቦኑ ደብዝዞ ስሙ አልተነበበም። ሦስቱም የ20 ዶላር ናቸው፤ ቀኖቹ ማርች 17፣ ጁን 9 እና ኦገስት 25 ቀን 2024 ናቸው። በእነዚህ እሑዶች አምሽታችሁ የከፈላችሁና ዋናው ደረሰኝ በእጃችሁ ያለ አባላት ካላችሁ፣ ዛሬ ከበዓሉ በኋላ በበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ እንገኛለን።